ከሞጣ የመጡት ሽማግሌዎች

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017፣ ቢቸና

አባባ ዛሬም «ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለው ያዙኝ። እግራቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም፤ የራሳቸውን ሥራ ሲያጡ የኔን ይመረምራሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ሣህለ ማርያም ነው የሚላቸው። እሳቸው ዘንድ በግማሽ መልስ ማምለጥ የለም።

«የምሠራበት ኩባንያ በኮምፒዩተር ብቻ ያለ ገንዘብ ያገበያያል፤ ክሪፕቶ የሚሉትን። መንግሥታት ደግሞ 'ከእነዚህ ሰዎች ጋር ማንም እንዳይገበያይ' ብለው ማዕቀብ ይጥላሉ። የእነዚያ ሰዎች ገንዘብ በእኛ በኩል እንዳያልፍ የምጠብቀው የኔ ክፍል ነው። ኃላፊዋ እኔ ነኝ።»

«ከተከለከለው ሰው ገንዘብ የተቀበለስ?»

«የሱም ሂሳብ ይታገዳል። በስንት እጅ እንዳለፈ ወደኋላ እየተከተልን እናያለን።»

ጥቂት አሰቡና «ግዝት ነዋ!» አሉ። «ከተገዘተ ጋር የበላ እሱም ተገዘተ። ይኼንን ለማወቅ ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድሽው? እዚሁ ደብሩ በር ላይ ተቀምጠሽ ትማሪው አልነበር!»

እማዬ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ለአዲስ ሠራተኞች ሰጥቼ አላውቅም።

አባባን ላስታምም ብዬ ለአጭር ጊዜ መጥቼ ይኸው ፋሲካን እዚሁ ዋልኩ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ኩባንያው የት እንደምቀመጥ ግድ የለውም፤ የኢንተርኔት መስመር ካለ ይበቃዋል። ከግቢው ጥግ ያለችውን ክፍል ቢሮ አድርጌያታለሁ። አንድ ጉድለት አላት፤ መስኮቷ ወደ አስፋልቱ ነው። የሚኒባስ ረዳት «ሞጣ! ሞጣ! አንድ ሰው ሞጣ!» እያለ ሲጮህ ይውላል።

ይጩህ። እኔ ምን ቤት ነኝ። ሞጣ ላይ ምናለ የሚባል ሰው አለ፤ እንግዲህ ጻፍኩት፤ በቃ።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

የኩባንያው ኮምፒዩተር ዛሬ አጠራጣሪ ብሎ ያወጣቸውን ሂሳቦች አንድ በአንድ ሳይ አንዱ ላይ ሞጣ የሚል አድራሻ። ቀጥሎ ስም። ምናለ ሰማው።

ምናለ የሚባል ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል ብዬ ከፈትኩት።

እሱ ነው። መታወቂያውን ከአገጩ ሥር ይዞ የተነሣው ፎቶ። ከስቷል። ጢሙን አሳድጓል። ጆሮው አጠገብ ሽበት ጣል አድርጎበታል። ፎቶውን አጎላሁት፤ ማንነት ማረጋገጥ የሥራው ግዴታ ነው። ሦስት ጊዜ ማጉላት ግን ግዴታው አይደለም።

የሕንፃ ንድፍ ለውጭ አገር ሰዎች ይሥላል፤ ክፍያውን በኛ በኩል ይቀበላል። አንዱ ደንበኛው የላከለት ገንዘብ ማዕቀብ ከተጣለበት የሰዎች መረብ የወጣ ነው። ወደኋላ ተከተልኩት፤ ምነው ስህተት በሆነ ብዬ እንደገና ተከተልኩት። ስህተት አይደለም። ምናለ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ሥዕሉን ልኮ ዋጋውን ተቀበለ፣ አለቀ። ደንቡ ግን ዐወቀ አላወቀ አይልም።

አገድኩት። በገዛ እጄ።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

የምታውቂው ሰው ከሆነ ጉዳዩን በዚያው ቀን ለሌላ አስረክቢ። ይህ ደንባችን ነው፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ሰኞ አስረክባለሁ።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

አላስረከብኩም።

ምክንያት አለኝ፤ መጀመሪያ ነገሩን ማጣራት ይገባል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ አይደል የሚባለው? ደግሞ መስመሩ ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ነበር።

እውነቱን ልጻፍ እንጂ፤ ደብተሩ የራሴ ነው። ምናለ ለደንበኞች አገልግሎት ይጽፋል፤ እኔም አነበዋለሁ። መዝገቡን ካስረከብኩ ማንበብ ይቀርብኛል።

ምን ይጽፋል? ምንም። «ጤና ይስጥልኝ፤ ሂሳቤ ለምን እንደታገደ ቢገልጹልኝ።» «በድጋሚ ስላስቸገርኩ ይቅርታ።» ስንት ዓመት ድምፁን ያልሰማሁት ሰው ነው «ስላስቸገርኩ ይቅርታ» የሚለኝ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጊዜያችን ትዝ አለኝ፤ እርሳስ ሲዋሰኝም እንዲሁ ነበር የሚለው፤ አንድም ቀን ግን አልመለሰልኝም። ተመርቀን ስንለያይ «እናቴን የሚጦር የለም፤ ሞጣ እገባለሁ፤ ነይ» አለኝ። «ቆይ» አልኩት። ቆየ።

መልሱ ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው።» ከዚያ ያለፈ አንድ ቃል ቢወጣን ያስከስሳል፤ የታገደ ሰው ለምን እንደታገደ ፍንጭ እንኳ አይሰጠውም። ዛሬ ከሥሩ «እባክዎ አይጨነቁ» ብዬ ጨመርኩበትና ሳልልከው አጠፋሁት። እንዴት አይጨነቅ?


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ዛሬ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ገንዘቡን የምፈልገው የሰኔ ጾም ሳይገባ ለሚፈጸም የግል ጉዳይ ነው።»

የሰኔ ጾም ሳይገባ የሚፈጸም የግል ጉዳይ ምንድን ነው? ያልገባኝ መሰልኩ እንጂ ገብቶኛል። ጾም ሳይገባ የሚፈጸም ሰርግ ነው።

ማታ ስጦታው ደወለ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሞጣ ላይ ስልክ ይጠግናል፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው። ምንም ሳልጠይቀው «ምናለ እኮ ቤት እየሠራ ነው» አለኝ። «ግድግዳው አልቋል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲደርስ ቆመበት። ገንዘብ ተይዞበት ነው አሉ።»

«ለማን ነው የሚሠራው?» አልኩት፤ እንደ ዋዛ።

«እኔ እንጃ። ለብቻው ግን አይመስልም። ማድ ቤቱን ሰፋ አድርጎታል።»

ይሥራ። ይድላው። ማድ ቤቷ ሰፋ ያለላት ሴት ማን ትሆን? ሞጣ ያለች መምህርት ናት እንበል። መልኳ ጠይም፣ ጸባይዋ ዝምተኛ፣ «ነይ» ሲሏት የምትመጣ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

አባባ ለካ እያሰቡበት ነው የሰነበቱት። ቁርስ ሳቀርብላቸው «ትርሲት፣ ሳያውቅ የበላስ?» አሉኝ።

«ምኑን አባባ?»

«ከተገዘተው ጋር። ሳያውቅ የቀረበ ሰው እንዴት ይሆናል?»

«እሱም ይታሰራል፤ እስኪጣራ።»

«ግዝት እኮ ፈቺ አለው ልጄ። ካህኑ ጋ ሄዶ፣ ተንበርክኮ 'አባቴ ይፍቱኝ' ይላል። የእናንተ የት ሄዶ ነው የሚንበረከከው?»

«ቅጽ ይሞላል» ልላቸው ነበር፤ አፈርኩ። ያለቀስኩ እንዳይመስላቸው ፊቴን ወደ ሰሐኑ አዞርኩ። አላለቀስኩም።


ዓርብ፣ ግንቦት 1፣ ልደታ

ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲበላ ዋለ። ጎረቤታችን እትዬ ስንቄ ከሁሉ ፊት «የከርሞ ሰው ይበለን፤ ትርሲትንም በጎጆዋ ያሳየን!» ብላ መረቀችኝ። ሴቶቹ «አሜን» ሲሉ እማዬ ከሁሉም አስበልጣ ጮኸች።

ከዚያ ስጦታው ደወለ። ድምፁ ቸኩሏል። «ምናለ መጣብኝ። ስላንቺ ጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«ቢቸና ናት ወይ፣ ምን ትሠራለች፣ እስከ መቼ ትቆያለች፣ አባቷስ ተሻላቸው ወይ... ብዙ ጠየቀኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም። እሑድ ሰው እልካለሁ አለ።»

«የማን ሰው?»

«ሽማግሌ ነዋ! ለእናትሽ ለእማማ ይርጋነሽም ነግሬያታለሁ።»

ደሜ ፈላ። ዐወቀ ማለት ነው። የት እንደምሠራ ሰምቶ፣ ያገደችኝ እሷ ናት ብሎ፣ ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው። ለሌላ ሴት ሰርግ የሚሆን ገንዘብ ፍቺልኝ ብሎ፣ በአባቴ ቤት፣ በእናቴ ፊት! ሌላ ሰው ቢሆን አዝንለት ነበር።

ሕጉም አለ። ከእነሱ ጋር ስለዚህ ጉዳይ ፊት ለፊት መቀመጥ እንኳ አልችልም። ዝም ስል ዝምታዬን ይተረጉሙታል፤ ስናገር እከሰሳለሁ።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

እማዬ ቤቱን ታስለቅለቃለች። አዲስ ምንጣፍ ከእትዬ ስንቄ ተዋሰች። ጠላው ተጠምቋል፤ መቼ እንደጠመቀችው አላውቅም። ስታየኝ ዞር ብላ ትስቃለች፤ ምን ነክቷታል?

«እማዬ፣ ከሞጣ የሚመጡትን ሰዎች አላገኛቸውም።»

«አንቺማ አታገኛቸውም፤ የአባትሽ ጉዳይ ነው።»

«የሚጠይቁትንም እምቢ ብላለች በሏቸው። ቁርጥ አድርጋችሁ። ቀጠሮ እንኳ እንዳትሰጧቸው።»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «ምን አደረገሽ ሰውዬው?»

«ልናገር አልችልም።»

«ክፉ ነገር አድርጎሻል?»

«እማዬ፣ ልናገር አልችልም አልኩ እኮ!»

ጮህኩባት። ምንጣፉን እያጣጠፈች ወደ ጓዳ ገባች። አባባ ከአልጋቸው ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ጠሩኝና «ልጄ፣ ቃልሽ ይኼው ነው? የኔን አፍ ነው የምትልኪው፤ የወጣ ቃል አይመለስም» አሉኝ።

«ይኼው ነው አባባ።»


እሑድ፣ ግንቦት 3

መጡ። ሦስት ናቸው። አንድ ካህን ጥቁር ካባ የለበሱ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ፣ አንድ ጎልማሳ። ቤት ገብተው ብዙም አልቆዩም። ጆሮዬ ላይ የሥራ ማዳመጫዬን ደፍኜ በመስኮቱ ብቻ አየኋቸው። ሲወጡ ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ግቢያችንን ዞር ብለው አዩት። የኔን መስኮት አዩ መሰለኝ፤ ጎንበስ አልኩ።

ጠላው አልተቀዳም። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ተኝታለች። ትክክል ሠርቻለሁ።


ሰኞ፣ ግንቦት 4

«ካህኑ አባ ወልደ ኪዳን ምን እንዳሉ ልንገርሽ?» አሉኝ አባባ።

«አልፈልግም አባባ። ስለ ገንዘብ ነው።»

«የምን ገንዘብ?»

ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው።

«ስለ ገንዘብ የተናገረ የለም። 'ልጃችን ምናለ ቤት እየሠራ ነው። ክዳኑ አላለቀም፤ ቢሆንም የጾም በር ሳይዘጋ ልጅዎን ለትዳር እንድንጠይቅለት ላከን። ከባሕር ዳር ጀምሮ ሌላ አላሰበም' አሉ። እኔም ያልሽኝን ነገርኳቸው።»


ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ምንም አልሠራሁም። ምንም አልበላሁም።

ማድ ቤቱ የኔ ነው። የኔ ነበረ።

እኔን ነበር የጠየቀው። እኔን!


ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ለዋምቡይ ደወልኩላት። ናይሮቢ ያለች የኩባንያው ዋና የሕግ ኃላፊ ናት፤ የኔ አለቃ። የማውቀው ሰው ጉዳይ እጄ ላይ እንዳለ፣ ማስረከብ እንደነበረብኝ፣ እንዳላስረከብኩ ነገርኳት።

«ምንሽ ነው? ዘመድሽ?»

«አይደለም።»

«ባልሽ? እጮኛሽ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንሽ ነው? አንድ ነገር መመዝገብ አለብኝ።»

«ሊያገባኝ ጠይቆ እምቢ ያልኩት ሰው ነው።»

«መቼ?»

«እሑድ።»

«የትኛው እሑድ?»

«የአሁኑ።»

ናይሮቢ ላይ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ብዕር ይመስለኛል። ለማንም ያልተናገርኩትን ለአለቃዬ፣ በሰው ቋንቋ፣ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ተናገርኩት።

ጽኑ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ይገባኛል። መዝገቡ ተወሰደብኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚጽፈውን አላይም። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፤ «ትርሲት፣ ያየሽውን ለእሱ መናገር አትችይም። ሥራ ብትለቂም አትችይም። ብታገቢውም አትችይም።» እሺ አልኳት። እሺ ማለት ቀላል ነበር፤ ማን ሊያገባኝ!


ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ስጦታው። ወይ ስጦታው!

ምናለ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አይቶት አዘነለትና «እስኪ ነገሩን ላለዝበው» አለ። ምን ብሎ አለዘበው መሰለሽ? (ለማን ነው የምጽፈው? ለራሴ።) «እሷ እኮ አንተን ጠልታ አይደለም፤ ሥራዋ ነው። ያ ገንዘብህን የያዘብህ ኩባንያ ውስጥ ትልቅ ሰው ናት፤ ምናልባት ከሱ ጋር የተያያዘ ነገር ይሆናል» ብሎት እርፍ!

«እሱስ ምን አለ?» አልኩት።

«ምንም። የተበላሸ ስልክ ሊያሠራ ነበር የመጣው፤ ስልኩን ሳያሠራ ሄደ።»

ምናለ አሁን ዐወቀ። ያን ጊዜ ያላወቀውን።


ዓርብ፣ ግንቦት 15

እሑድ ይመለሳሉ!

አባ ወልደ ኪዳን በሚኒባስ ሾፌር እጅ መልእክት ላኩ፤ ያው ሦስቱም ይመጣሉ። እማዬ ሰማችና ከአልጋዋ ተነሥታ «ደግ ሽማግሌ አንድ ጊዜ እምቢ ሲሉት አይቀርም! አባትሽንም እኮ አባቴ ሁለት ጊዜ መልሷቸው ነበር!» አለች። አባባ ከውስጥ «ሦስት ጊዜ ነው» ብለው አረሟት።

ስጦታው ስለነገረው ነገር ለእማዬ አልነገርኳትም። እኔም ላስበው አልፈለግሁም። ዐውቆም ከላከ ይቅር ብሎኛል ማለት ነው። ካልሆነ ለምን ይልካል? እትዬ ስንቄ ጸጉሬን ሠራችኝ። እየሠራችኝ «አይዞሽ፤ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ትለኛለች። ሳላስበው ስዘፍን ራሴን ያዝኩት፤ ልጅ ሆኛለሁ።

ሚኒባሱ ውጭ «ሞጣ! ሞጣ!» ይላል። ይበል! ይበል!


እሑድ፣ ግንቦት 17

ሁሉንም ልጻፈው፤ ነገ ካደረ ራሴ አላምነውም።

በጠዋት መጡ። እንደ ደንቡ ከምንጣፉ ዳር ቆሙ፤ ጉዳያቸው ካልተፈጸመ ሽማግሌዎች አይቀመጡም። አባ ወልደ ኪዳን፣ ረጅሙ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ጎልማሳው ነጋዴ ፋንታ። የአባባ አልጋ ወደ በሩ ተጠግቷል። እማዬ አዲስ ቀሚሷን ለብሳለች። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነኝ።

አባባ «እባካችሁ አረፍ በሉ» አሏቸው።

«ጉዳያችን ካልደረሰ አንቀመጥም የኔታ» አሉ አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ። «የመጣነው ለዚያ ለፊተኛው ጉዳይ አይደለም። ከዚያ ልጃችን እጁን አንሥቷል፤ ሴት ልጅ እምቢ ካለች አለች ነው። የአሁኑ ሌላ ነው። ልጅዎ በምትሠራበት ቤት የልጃችን የላቡ ዋጋ ታስሯል። ወንጀሉን ንገሩኝ ቢል የሚነግረው ጠፋ። ስለ እግዚአብሔር ብላ ታስፈታለት፤ ካልሆነም ጥፋቱን ትንገረው።»

እማዬ ግድግዳውን ደገፍ አለች። እኔ መጋረጃውን ጨብጬ ቀረሁ። ያን ጊዜ ያልመጣውን ፈርቼ የመጣውን መለስኩ፤ ይኸው የፈራሁት ደግሞ የተመኘሁትን ቀን ጠብቆ መጣ።

አባባ «ትርሲት» ብለው ጠሩኝ።

ወጣሁ። መስቀል ተሳለምኩ።

«አባቶቼ፣ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልናገርም። አለም አልል፣ የለምም አልል። ብታዝኑብኝ፣ ብትረግሙኝም ያው ነኝ።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ፋንታ። «ውሻ እንኳ ሲመቱት ለምን እንደተመታ ያውቃል!»

«ፋንታ!» አሉት ካህኑ።

«ይናገር አባ፤ እውነቱን ነው» አልኩ። «እኔ ግን አልናገርም።»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ዱላቸውን አነሡ። «እንግዲያው ሁለተኛ ጊዜ ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው። እንሂድ።»

ዞሩ። ጀርባቸውን ሳይ የሆነ ነገር ተቆረጠብኝ። ፍርሃቴ ይመስለኛል።

«ቆዩ! ስለ ፊተኛው ጉዳይ ግን እናገራለሁ።»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ!» አለች እማዬ፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። «ማን ይናገርልሻል ብለሽ ነው ራስሽ...»

«ተያት ይርጋነሽ» አሉ አባባ። «ትናገር።»

ተናገርኩ። «ያን ጊዜ እምቢ ያልኩት ሌላ ጉዳይ ይዛችሁ የመጣችሁ መስሎኝ ነው። ምናለን እምቢ ብዬ አላውቅም። ልቤ እሱ ዘንድ ከቀረ ዘመን የለውም። አሁን እጁን ቢያነሣም፣ ቢጠላኝም ያው ነው። ይህን ንገሩልኝ።»

ደጅ አንዲት ዶሮ ብቻ ታሽካካለች።

አባ ወልደ ኪዳን በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ እኛ በዚህ አልተላክንም» አሉኝ።

«አውቃለሁ አባ። እኔ ልላካችሁ።»

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ አባባን አዩ። «የኔታ፣ እኔ በዕድሜዬ ሴት ሽማግሌ ስትልክ አላየሁም።»

«እንግዲህ አዩ» አሉ አባባ።

ፋንታ ሳቁ አመለጠው፤ ሳል አስመሰለው። አልተቀመጡም። ቁራሽም አልቀመሱም። ካህኑ ግን ከበሩ ሲወጡ ዞር ብለው «ከቃልሽ አንዲት ሳትጎድል አደርስልሻለሁ» አሉኝ።

ከሄዱ በኋላ እማዬ ብዙ አለቀሰች። እፍረት ነው ብዬ ልጽናናት ስጠጋ «እኔ ምነው ያኔ ይኼ አፍ በኖረኝ!» ብላ እቅፍ አደረገችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አባባን ሦስት ጊዜ ሲመልሱባት እሷ መጋረጃ ጀርባ ነበረች።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

መስመር የለም። መንገድ የለም። ዛሬ «ሞጣ» የሚል ረዳት እንኳ የለም፤ ጆሮዬ ይፈልገዋል።


ሐሙስ፣ ግንቦት 21

መንገዱ ዛሬም ዝግ ነው። እነ አባ ወልደ ኪዳን ግን እሑድ ማታ ሞጣ ገብተዋል አሉ። ነግረውታል ማለት ነው። ነግረውታል!

የልብስ ማጠቢያ ውሃ ስቀዳ እንስራው ሞልቶ ሲፈስ ቆሜ አያለሁ። እትዬ ስንቄ «ልጅቱ ደህና ናት?» ትላለች ለእማዬ። ልጅቱ ደህና አይደለችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ የምለቅመውም አላገኘሁም።


እሑድ፣ ግንቦት 24

ደወለ።

ጠዋት መስመሩ ተመልሶ ስልኬ ሲንጫጫ ከመካከሉ የማላውቀው ቁጥር። ሳነሣው ድምፁ። ፎቶው ላይ ሸምግሎ ነበር፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

«ትርሲት። ስላስቸገርኩ ይቅርታ።»

ምን ልበል? «ግድ የለም» አልኩት፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

«ሽማግሌዎቹ የነገሩኝን ራስሽ ነሽ ያልሽው? ወይስ ለማስታረቅ ብለው እነሱ ጨመሩበት?»

«ራሴ ነኝ።»

«በየኔታ ፊት?»

«በአባባ ፊት፣ በእማዬ ፊት፣ በእነሱ ፊት።»

ሲተነፍስ ሰማሁት። ከዚያ እንደፈራሁት «ገንዘቡንስ ያገድሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«አትጠይቀኝ።»

«አዎ ወይም አይደለም በይኝ። አልቀየምሽም፤ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ሌባ ነው ብለሽ ነው? ስለኔ ምን ሰማሽ? አንድ ቃል ብቻ።»

አንድ ቃል። «ምንም አላጠፋህም» ብዬ ብነግረው ምን ነበር? አንደበቴ ላይ ነበር። ባዶ ክፍሌ ውስጥ ማን ይሰማኛል? ጥርሴን ነከስኩ።

«አትጠይቀኝ ምናለ። ዛሬ አትጠይቀኝ፣ ነገም። ብንጋባም፣ ልጅ ብንወልድም፣ ብናረጅም አትጠይቀኝ። አልነግርህም።»

«ዕድሜ ልክ?»

«ዕድሜ ልክ።»

«አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ትራስ ላይ፣ ይኼን ነገር መሃላችን አስተኝተን?»

«አዎ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ምናለ?» አልኩ። ስሙን በአፌ ከጠራሁት ስንት ዘመኔ!

«አለሁ» አለኝ። «ላስብበት።»

ዘጋው።

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቴን አይታ ለመጠየቅ ፈራች። ሳቅሁላት፤ እንባዬም መጣ፤ ሁለቱም አንድ ላይ። እምቢ አላለም እኮ። ያስብበት። እኔም «ቆይ» ብዬው ስንት ዓመት ቆይቶልኛል፤ ተራው የኔ ነው።